ለሞተ ፈረንጅ ፊርማ 60 ሺህ ብር?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የጀበና ቡና የምሸጥባት ትንሽ ካፌ አለችኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። አሜሪካኖቹ አስተማሪዎች በሚያሳዩት ፊልም ተለክፎ ለሆሊውድ ተዋንያን ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። የሚጽፈውም ለባልና ሚስቶቹ ብቻ ነው። ሲያርፍ ሦስት ፎቶ በብስኩት ቆርቆሮ ትቶልኛል፤ ፖል ኒውማንና ጆአን ውድዋርድ፣ ኤልዛቤት ቴይለርና ሪቻርድ በርተን፣ ሃምፍሬይ ቦጋርትና ሎረን ባኮል። ሦስቱም ላይ ፊርማ አለ።

አሁን ልክፍቱ ወደ እኔ ዞረ። አንድ በኦንላይን የሚሸጥ ሰው የድሮዎቹ የሆሊውድ ባልና ሚስት ክላርክ ጌብልና ካሮል ሎምባርድ አንድ ላይ የፈረሙበት ፎቶ አለኝ ብሎኛል። ከነሰርተፍኬቱ 60 ሺህ ብር፣ ግማሹ በቅድሚያ። እቁብ ደርሶኛል። ባሌ ግን ‹ለሞተ ፈረንጅ ፊርማ!› እያለ ይስቅብኛል። እሱ ራሱ ጢሙን ሲላጭ የህንድ ዘፈን ያንጎራጉራል እኮ! ሳልነግረው ልግዛው ይሆን? ሌላው፣ የአባቴን ፎቶዎች ፍሬም አስገብቼ ካፌው ውስጥ ልሰቅላቸው አስቤያለሁ። ግን አንዱ ጥግ ጥጉን ጥቁር ነጠብጣብ ጀምሮታል። የሁሉንም ምስል በስልክ አንስቼ፣ ሻጩ ከላከልኝ ምስል ጋር ልኬልዎታለሁ። የቆርቆሮዋ ባለቤት፣ ከጅማ።»

እህቴ፣

ብሩን እንዳትልኪ። ሌላውን ቀስ ብለን እንጫወታለን፣ ይቺን ግን አስቀድመሽ ያዢልኝ። ግማሹንም፣ ሩቡንም፣ «ለመያዣ ያህል» የሚሏትንም እንዳትልኪ።

ምክንያቱን ሻጩ ራሱ በላከልሽ ምስል ላይ ታገኚዋለሽ። ፊርማዎቹን አጉልተሽ እያቸው። ሁለቱም በወፍራም ሰማያዊ ማርከር የተጻፉ ናቸው። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ነው፣ አይቀጥንም፣ አይወፍርም። ካሮል ሎምባርድ የሞተችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1942 ነው። ኢንዲያና ሄዳ ለጦርነቱ የሚሆን ቦንድ ስትሸጥ ቆይታ ወደ ቤቷ ስትመለስ አውሮፕላኑ ላስ ቬጋስ አጠገብ ካለ ተራራ ጋር ተላተመ። ገና 33 ዓመቷ ነበር። ሻርፒ የሚባለው ማርከር ገበያ የወጣው በ1964 ነው። 22 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ማርከሩ ይቅር፣ ይቺ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለችው ጫፏ ላይ ኳስ ያላት እስክሪብቶ እንኳን አሜሪካ ሱቅ ውስጥ መሸጥ የጀመረችው በ1945 መጨረሻ ነው። ሎምባርድ አላየቻትም።

ሌላም አለ። ጌብልና ሎምባርድ የተጋቡት በማርች 1939 ነው። ባልና ሚስት ሆነው ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አብረው የፈረሙበት ፎቶ ብርቅ ነው፣ ሰብሳቢ ሁሉ ይፈልገዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ጅማ ላለች ባለ ካፌ በእቁብ ብር አይሸጥላትም። ለትልቅ ጨረታ ያቀርበዋል።

ሰርተፍኬቱ እንዳያማልልሽ። ወርቃማ ማኅተም ያለበት ወረቀት ማተሚያ ቤት ገብተሽ በግማሽ ቀን ታሠሪያለሽ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በሚል ስም የሐሰት ፊርማ ነጋዴዎችን ሲያሳድድ፣ በተለይ የስፖርተኞችን ፊርማ የሚያባዙትን፣ ከሐሰተኛው ፊርማ ጋር ሐሰተኛው ሰርተፍኬትም አብሮ ይሠራ እንደነበር ደርሶበታል። ሰርተፍኬት ዋጋ የሚኖረው የሰጠው ሰው የሚታወቅ ከሆነ፣ ደውለሽ የምትጠይቂው ከሆነ ብቻ ነው።

እኔ ራሴ ተሸውጄ ነው የተማርኩት። ወጣት ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተዋንያኑን ባልና ሚስት የሎረንስ ኦሊቪየርንና የቪቪየን ሊን ፎቶ የወር ደሞዜን ከፍዬ ገዛሁ። ሁለቱም ፈርመውበታል። ማታ ማታ እያወጣሁ አየዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስኮት አጠገብ ይዤው ዘንበል ሳደርገው ወረቀቱ አብረቀረቀ፣ ፊርማውም እኩል አብረቀረቀ። ያን ጊዜ ገባኝ። እውነተኛ ቀለም ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ወረቀቱን ስታዘነብዪው ወረቀቱ ሲያበራ ቀለሙ ደብዘዝ ብሎ፣ ወይም በራሱ መንገድ አብርቶ ይለያል። የኔው ግን የተፈረመ ፎቶ እንደገና ፎቶ ተነስቶ የታተመ ነበር። ባለቤቴ አየችውና «እነሱ ብቻ አይደሉም፣ ፊርማቸውም ፎቶ ተነስቷል» አለችኝ። እስካሁን እንግዳ ሲመጣ ታወራዋለች።

በይ አሁን ወደ አባትሽ ቆርቆሮ እንመለስ። ከሻጩ ይልቅ እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

የቴይለርና የበርተኑ እንደኔው ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባነሳሽው ምስል ላይ የመስኮቱ ብርሃን ፎቶው ላይ ወድቋል፣ ፊርማዎቹን አቋርጦ ሲያልፍ ምንም አይለወጥም። የታተመ ፊርማ ነው። የታወቁት ተዋንያን ደብዳቤ በጆንያ ነበር የሚደርሳቸው፣ ለሁሉም በእጅ ፈርሞ መላክ የማይታሰብ ነበር። ያም ሆኖ ጥንዶቹ ራሳቸው ጉድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሞንትሪያል ተጋቡ፣ በ1974 ተፋቱ፣ በ1975 ደግሞ እዚሁ አፍሪካ፣ ቦትስዋና መጥተው እንደገና ተጋቡ። በዓመቱ መልሰው ተፋቱ። ሽማግሌ ቢላክባቸው የትኛውን ጠብ ይዞ ይጀምር ነበር?

የኒውማንና የውድዋርዱ ላይ ብዙ ቆየሁ። ይሄኛው በእውነተኛ ቀለም የተጻፈ ነው። ግን ሁለቱን ስሞች አስተያያቸው። ያዘነበሉበት አቅጣጫ አንድ፣ የብዕሩ ጫና አንድ፣ መጨረሻቸው ላይ ያለችው ጭራ እንኳን አንድ ናት። ባልና ሚስት አንድ ትራስ ይጋራሉ እንጂ አንድ የእጅ ጽሑፍ አይጋሩም። ለሁለቱም የፈረመላቸው አንድ ሰው ነው ብዬ እገምታለሁ። ሰክሬተሪ ትሆናለች። ይሄ የተለመደ ነበር። ስቱዲዮዎቹ ለአድናቂ ደብዳቤ ብቻ የተቀጠሩ ሰዎች ነበሯቸው። የተዋናይቷን የጂን ሃርሎውን ፎቶዎች ብዙውን ጊዜ የምትፈርመው እናቷ ነበረች። ኒውማን ደግሞ በኋላ ላይ ጭራሽ መፈረም ያቆመ ሰው ነው።

ግን ፎቶው ላይ ከፊርማው በላይ ያለችውን ጽሑፍ አየሻት? አባትሽ ስሙ በ«ገብረ» የሚጀምር ሰው ነበር። ደብዳቤው ላይ ስሙን ለይቶ ጽፎት ይሆናል መሰለኝ፣ እዚያ ያለችው ሰክሬተሪ ገብረን ብቻ ስም አድርጋ «ለገብረ፣ ከመልካም ምኞት ጋር» ብላ ጽፋለታለች። የማን ገብረ እንደሆነ ሳትጠይቅ! እዚህ አገር እንዲህ ቆርጦ ቢጠራው የሚቀየም ሰው አለ። ፎቶው ግን ለአባትሽ ብቻ ነው የተጻፈው። አንድ ሰው ከጅማ የመጣ ፖስታ ከፍቶ፣ ደብዳቤውን አንብቦ፣ ስም ፈልጎ ጽፏል። ነጋዴ የሰው ስም የተጻፈበትን ፎቶ ዋጋ ይቀንስበታል፣ ምክንያቱም ገዢው የሌላ ሰው ስም ቤቱ መስቀል አይፈልግም። አንቺ ግን ገዢ አይደለሽም፣ ልጁ ነሽ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ወንበሬን ወደ መብራቱ አስጠጋሁ። ቦጋርትና ባኮል። ፊርማ ያለው በባኮል በኩል ብቻ ነው። መስመሩ ሲወርድ ይወፍራል፣ ሲወጣ ይቀጥናል። ፊደሉ ያለቀበት ቦታ ላይ ቀለሙ ጠብ ብሎ ደርቋል። ብዕር የያዘ የሰው እጅ የጻፈው ነው። የሱ በኩል ባዶ ነው። አባትሽ ደብዳቤውን የጻፈው በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሆነ ቦጋርት ከሞተ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1957 ነው ያረፈው። እሷ ሌላ ባል አግብታ ነበር። ከጅማ አንድ ተማሪ የሟች ባሏን ፎቶ ፈልጎ ሲጽፍላት በራሷ በኩል ፈርማ ላከችለት። ፎቶውን በእጄ ይዤ በአጉሊ መነጽር ሳላይ አልምልልሽም፤ ከሦስቱ ግን እውነተኛ ነው ብዬ ልወራረድ የምችለው ይሄኛው ነው።

ያንን ባዶ ቦታ ጠብቂው። የምልሽ ያለምክንያት አይደለም። ባኮል እስከ ኦገስት 2014 ኖራለች፣ ከቦጋርት በኋላ 57 ዓመት። እሷ ብቻ የፈረመችበት የሁለቱ ፎቶ በብዛት አለ፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። አጭበርባሪ ምን ያደርጋል? የእሷን እውነተኛ ፊርማ ይገዛና የሱን ጎን ራሱ ይሞላዋል። ግማሹ እውነት ስለሆነ መለየት ይከብዳል። የጥንዶች ፎቶ ላይ ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። ስለዚህ ወደፊት አንድም ነገር ስትገዢ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ማን ቀድሞ ሞተ?» ነው። ከዚያ «ይሄ ብዕር ያኔ ነበር ወይ?»። ከዚያ «ይሄ ፎቶ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ሄደ?»። አባትሽ ፖስታዎቹን አስቀምጦ ከሆነ፣ ቴምብሩና የፖስታ ቤቱ ማኅተም ያለባቸውን፣ እንዳትጥያቸው። ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣሉ።

አንዲት ዘዴ ልንገርሽ፣ ደስ ትልሻለች። ነጋዴዎች ብር የሚመረምሩበት ያ ሐምራዊ መብራት አለ አይደል? ፎቶውን በጨለማ ከሥሩ አድርጊው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ የፎቶ ወረቀት ሲሠራ የሚያነጣ ኬሚካል ይጨመርበት ጀመር፣ መብራቱ ሲያርፍበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ይላል። «የ1940 ነው» የተባለ ፎቶ ቦግ ካለ ወረቀቱ ከሎምባርድ ሞት በኋላ የመጣ ነው። ቦግ ካላለ ግን አሮጌ ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ ሁሉም አዲስ ወረቀት አያበራም።

ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ የመስቀሉን ነገር እንነጋገር። ካፌ ውስጥ ዋናዎቹን እንዳትሰቅይ። ጅማ ነሽ! ዝናቡ ሲገባ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሻጋታ የሚያወጣበት ከተማ። በዚያ ላይ ደግሞ የጀበናው እንፋሎት፣ ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጢስ፣ ዕጣኑ። ፎቶው ላይ ያለው ሽፋን ጄላቲን ነው፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ። ሻጋታ ደግሞ ጾም አያውቅም። ያ ጥቁር ነጠብጣብ እሱ ነው። በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኪው፣ ጄላቲኑ ይላጣል። በአልኮልም አይሆንም፣ ፊርማውን ይዞት ይሄዳል። ደረቅና አየር የሚያገኝ ክፍል ውስጥ ጥላ ላይ ዘርግተሽ ጥቂት ቀን ተዪው። ሲደርቅ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ሳትጫኚ ጠረግ ጠረግ አድርጊው፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ደጅ ወጥተሽ። የቀረው ጥላ ከቀረ ይቅር።

የቡና ሰው ስለሆንሽ ቀሪውን ታውቂዋለሽ። ቡና እርጥበቱ 11 እና 12 በመቶ ሳይደርስ መጋዘን አይገባም፣ ጆንያም ከሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ግድግዳም አይደገፍም። ፎቶም እንደዚያው ነው። ከቤቱ የውጭ ግድግዳ ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ደረቅ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አጠገቡ አድርጊ፣ ክረምቱን በየጊዜው በአዲስ ቀይሪ። ያ ላስቲኩ ተገልጦ ገጹ የሚጣበቅ የድሮ አልበም ውስጥ እንዳታስገቢው፣ ሙጫው አንዴ ከያዘ አይለቅም። ላሚኔትማ በጭራሽ! እኛ አገር ሰው የሚወደውን ነገር ሁሉ ላሚኔት ያስደርጋል። ሙቀቱም ሙጫውም ፎቶውን ይገድለዋል፣ መመለሻም የለውም።

ለግድግዳው ፎቶ ቤት ሄደሽ በጥሩ ስካነር አስነሺና ቅጂ አሳትሚ። ደንበኛ ልዩነቱን አያውቅም። ቅጂውም ቢሆን መስታወቱ ፊቱን እንዳይነካው መሐል ላይ ወፍራም ካርቶን ዙሪያውን አስደርጊ፣ እርጥበት ሲመጣ ፎቶ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ጠዋት ፀሐይ የምትገባበት ግድግዳ ላይ ግን አይሆንም።

ቆይ፣ ባልሽን አልረሳሁትም።

ሳትነግሪው እንዳትገዢ። እቁቡ የአንቺ ላብ ነው፣ ገባኝ። ግን 60 ሺህ ብር ከቤት ወጥቶ «ቡና ጨምሮ ነው» ብለሽ የምትሸፍኚው ዓይነት አይደለም። ከተደበቀ በኋላ ደግሞ ፎቶውን የት ታስቀምጪዋለሽ? አልጋ ሥር? የሚያሳዩት ሰው የሌለው ስብስብ ምን ይረባል!

የሚስቅብሽን ነገር ግን ትንሽ ልከራከርልሽ። ጢሙን ሲላጭ የህንድ ዘፈን የሚያንጎራጉር ሰው ልጅ ሆኖ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ተሰልፏል። እሱም ልክፍት አለበት፣ ስሙን ነው ያልሰጠው። እስቲ አንድ ማታ ቡና እየፈላ ስለ ህንዳውያኑ ተዋንያን ስለ ናርጊስና ሱኒል ዳት ጠይቂው። ፊልማቸው «ማዘር ኢንዲያ» እ.ኤ.አ. በ1957 ነው የወጣው፣ እሷ ፊልሙ ላይ እናቱ ናት! ቀረጻው ላይ እሳት ተነስቶ ከበባት፣ እሱ ገብቶ አወጣት። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1958፣ ተጋቡ። እሷ በ1981 እስክትሞት ድረስ አብረው ኖሩ። እንዲህ ያለ ታሪክ ነግረሽው መልሶ ከሳቀብሽ በኔ ይሁንብሽ። ራጅ ካፑርን ካነሳብሽ ደግሞ ተዘጋጂ፣ ናርጊስና ራጅ ካፑር በፊልም እንጂ በትዳር እንዳልነበሩ ብዙ ሰው አያውቅም፣ እሱ ሌላ ሚስት ነበረው። ሞቅ ያለ ክርክር ይወጣችኋል።

ከዚያ አንድ ላይ ጀምሩ። ከፊርማ ሳይሆን ካልተፈረመ የድሮ ፖስተርና የፊልም ካርድ ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ ዓይን ያስተምራል፣ ብትሸወዱም አያሳብድም። የእቁቡን ብር ሦስት ወር አትንኪው። ሰብሳቢ ሁሉ የሚከስረው የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ነው፣ ስሜቱ ከዕውቀቱ ቀድሞ ሲሮጥ። አባትሽ እኮ ሦስቱንም ያገኛቸው በቴምብር ዋጋ ነው። ዛሬም በሕይወት ላሉት ጥንዶች መጻፍ ይቻላል። አጭር ደብዳቤ፣ አንድ ፎቶ፣ ስምሽንና የፖስታ ሣጥን ቁጥርሽን በግልጽ። ላይመልሱ ይችላሉ። ከመለሱ ግን ከእጃቸው ወደ እጅሽ ነው፣ መሐል ላይ ሻጭ የለም። ስምሽን ስትጽፊ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ አንቺንም ቆርጠው እንዳይጠሩሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የባኮልን ፎቶ ጀርባ ስታነሺው እጅሽ ተንቀጥቅጧል መሰለኝ። አባትሽ በእርሳስ «ከአሜሪካ አገር በፖስታ የመጣልኝ፣ ለማስታወሻ» ብሎ ጽፏል፣ ከሥሩ ቀን አለ። 1956 ይሁን 1958 አልነበበልኝም። ቀን ብርሃን ላይ ወጥተሽ አንዴ ደግመሽ አንሺልኝ። እርሳሱን ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳታደምቂው።